የሩዌንዞሪ ከፍታዎች፦ በካርታ ሠሪና በታሪክ መምህርት መካከል የተደረገ ምልልስ

ኡጋንዳንና ዲሞክራሲያዊት ኮንጎ ሪፐብሊክን የሚያዋስነው የሩዌንዞሪ ተራራ ሰንሰለት በከፍታው ከአፍሪካ ተራሮች ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ የሚጠራ ነው። የሚከተለው ምልልስ ስለዚሁ ሰንሰለት በአንድ የጂኦግራፊ ማውጫ ውስጥ የሚገባውን አንቀጽ በሚያሰናዱ ሁለት ባለሙያዎች መካከል የሚካሄድ ነው። አንጋፋው ካርታ ሠሪ የጫፎቹን ስምና ከፍታ የያዘ ሠንጠረዥ ለአንባቢ በቂ ነው ብለው ያምናሉ፤ የታሪክ መምህርቷ ደግሞ ሠንጠረዥ የሚመልሰውን ያህል የሚሸፍነውም አለ ባይ ናቸው። በምልልሱ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መምህርቷ፦ ኢንጂነር፣ ያሰናዱት ሠንጠረዥ ስድስት ስሞችንና ስድስት ቁጥሮችን ይዞ ያበቃል። አንባቢ ግን ከቁጥሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ከፍተኛው ጫፍ የየትኛው አገር ነው?

ካርታ ሠሪው፦ የሁለቱም ነው። የወሰኑ መስመር ማርጌሪታ በተባለው ጫፍ ላይ ስለሚያልፍ፣ የኡጋንዳም ሆነ የኮንጎ ከፍተኛው ነጥብ አንድና ያው ነው። ሰንሰለቱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ጫፎች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በጥልቅ ሸለቆዎች በተለያዩ ስድስት ግዙፍ ተራሮች ላይ ተሰባስበው ይገኛሉ። ከእነዚህም ስታንሊ 5,109 ሜትር፣ ስፔክ 4,890፣ ቤከር 4,843፣ ኤሚን 4,798፣ ጌሲ 4,715፣ ሉዊጂ ዲ ሳቮያ 4,627 ሜትር ከፍታ አላቸው። ስታንሊ በወሰኑ ላይ ይቆማል፤ ኤሚን በኮንጎ በኩል ይገኛል፤ የቀሩት አራቱ በኡጋንዳ በኩል ናቸው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መጠኑን ለማሳየት፣ ከስድስቱ የመጨረሻ የሆነው ሉዊጂ ዲ ሳቮያ እንኳ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከራስ ደጀን እንደሚበልጥ መጥቀሱ ይበቃል።

መምህርቷ፦ ስድስት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? በእያንዳንዱ ተራራ ላይ ብዙ ጫፎች እንዳሉ ይታወቃል፤ ታዲያ አንዱ ጫፍ "ተራራ" ሲባል ሌላው በተራራው ሥር የሚቆጠረው በምን ሕግ ነው?

ካርታ ሠሪው፦ ሕጉ በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ዝቅተኛ መተላለፊያ፣ ማለትም ካርታ ሠሪዎች ኮርቻ የሚሉትን ስፍራ የሚመለከት ነው። አንድ ጫፍ ከኮርቻው በላይ ብዙ ከፍ ካለ ራሱን የቻለ ተራራ ይባላል፤ ጥቂት ብቻ ከፍ ካለ ግን የጎረቤቱ አካል ተደርጎ ይቆጠራል። በሩዌንዞሪ ስድስቱን ተራሮች የሚለዩአቸው መተላለፊያዎች ጥልቅ በመሆናቸው ክፍፍሉ በዐይን የሚታይ ነው፤ በአንድ ተራራ ላይ ያሉት ጫፎች ግን በዐለት ሸንተረርና በበረዶ የተያያዙ ናቸው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ሕጉ ቢለወጥ ሠንጠረዡም ይለወጣል ማለት ነው።

ካርታ ሠሪው፦ በእጅጉ ይለወጣል። ጫፎቹ አንድ በአንድ ቢቆጠሩ ከማርጌሪታ ቀጥሎ አሌክሳንድራ በ5,091 ሜትር፣ አልበርት በ5,087፣ ሳቮያ በ4,977፣ ኤሌና በ4,972 ሜትር ይሰለፋሉ፤ እነዚህም ሁሉ የስታንሊ ጫፎች ናቸው። ከ4,900 ሜትር የሚያልፉት ኤልሳቤጥ፣ ፊሊፕና ሞቢዩስም እንዲሁ የስታንሊ ስለሆኑ፣ የስፔክ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ወረፋው የሚደርሰው ከእነርሱ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በጫፍ ቢቆጠር የዝርዝሩን ራስ አንድ ተራራ ብቻውን ይወስደዋል፤ በተራራ ቢቆጠር ደግሞ ስድስቱም ድርሻ ያገኛሉ።

መምህርቷ፦ "የአፍሪካ ሦስተኛ" የሚለው መዓርግም በዚሁ ሕግ ላይ የተንጠለጠለ መሆን አለበት።

ካርታ ሠሪው፦ ትክክል ነው። በተራራ ሲቆጠር ከ5,895 ሜትሩ ኪሊማንጃሮና ከ5,199 ሜትሩ የኬንያ ተራራ ቀጥሎ ስታንሊ ሦስተኛ ነው። በጫፍ ሲቆጠር ግን የኬንያ ተራራ ሁለተኛ ጫፍ ኔሊዮን 5,188 ሜትር፣ የኪሊማንጃሮ ሁለተኛ ጫፍ ማዌንዚ 5,149 ሜትር ስለሆኑ፣ ማርጌሪታ ወደ አምስተኛ ደረጃ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በማውጫው "ሦስተኛው ከፍተኛ ጫፍ" ከማለት "ሦስተኛው ከፍተኛ ተራራ" ማለት ይሻላል።

መምህርቷ፦ ቁጥሩ ራሱስ የተረጋገጠ ነው? በቆዩ መጻሕፍት ማርጌሪታ 5,119 ሜትር ተብሎ ይገኛል፤ ከዚያም በፊት 5,125 ሜትር ተብሎ ነበር።

ካርታ ሠሪው፦ ልዩነቱ ከመለኪያው የመጣ ነው። በ1906 ከፍታው የተሰላው በባሮሜትር ነበር፤ ይህም የአየርን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ሲሆን፣ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከፍታው ከቅናሹ ይሰላል። ይሁን እንጂ የአየር ግፊት በሙቀትና በአየር ሁኔታ ለውጥ ምክንያት በየሰዓቱ ስለሚዋዥቅ፣ ደመና በማይለየው እንደ ሩዌንዞሪ ባለ ስፍራ የጥቂት አሥር ሜትሮች ስሕተት የሚያስገርም አይደለም። በኋላ ከርቀት ማዕዘን በመለካት የተሠራው ቅየሳ 5,109 ሜትርን ሰጠ፤ ዛሬም በአብዛኞቹ ካርታዎች የሚታተመው ይኸው ነው።

መምህርቷ፦ ከፍታው እንዲህ ከሆነ፣ ያመጣው ምንድን ነው? ኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ በእሳተ ገሞራ የተከመሩ ናቸው፤ ራስ ደጀንም ቢሆን በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ቅሪት ላይ የቆመ ነው። አንባቢም ሩዌንዞሪን ከእነዚሁ ጋር ሊመድበው ይችላል።

ካርታ ሠሪው፦ ቢመድበው ይሳሳታል፤ የሩዌንዞሪ ዐለት ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ገሞራ አይደለም። ሰንሰለቱ የተሠራው ናይስና አምፊቦላይት ከሚባሉ፣ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከተለወጡና ዕድሜያቸው ከቢሊዮን ዓመት ከሚያልፍ ዐለቶች ነው። ምሥራቅ አፍሪካን የሚሰነጥቀው ስምጥ ሸለቆ ሁለት ቅርንጫፎች አሉት፤ ምሥራቃዊው ኢትዮጵያንና ኬንያን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ምዕራባዊው የአልበርትን፣ የኤድዋርድንና የታንጋኒካን ሐይቆች ይዞ ይወርዳል። ሩዌንዞሪ በዚህ በምዕራባዊው ቅርንጫፍ ውስጥ፣ ዙሪያው ወደ ታች ሲሰምጥ እርሱ በስንጥቆች መካከል ወደ ላይ የተገፋ የመሬት ቁራጭ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሆርስት ይሉታል። ዐለቱ እጅግ አሮጌ ቢሆንም ተራራው ግን ወጣት ነው፤ አሁን ያለበትን ቁመት የያዘው ባለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነውና። የሰንሰለቱን ምዕራባዊ ግርጌ ይዞ የሚወርደው የሰምሊኪ ወንዝ የሚገባበት አልበርት ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 615 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከሸለቆው እስከ ጫፉ ያለው ልዩነት ከ4,400 ሜትር በላይ ይሆናል።

መምህርቷ፦ ተራራውን ምድር እንዲህ አድርጋ ካነሣችው፣ ወሰኑን በጫፉ ላይ ያሳለፈው ግን ሰው ነው። ይህም በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

ካርታ ሠሪው፦ ካርታ የወሰኑን መስመር እንጂ የመስመሩን ታሪክ አይሥልም።

መምህርቷ፦ ታሪኩን ሳያውቁ ግን መስመሩን መረዳት አይቻልም። በ1894 የእንግሊዝ መንግሥት፣ የቤልጅጉ ንጉሥ ሌዎፖልድ ይገዙት ከነበረው ነጻ የኮንጎ መንግሥት ጋር፣ 30ኛውን የምሥራቅ ኬንትሮስ ወሰን ለማድረግ ተስማማ። ኬንትሮስ ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ የሚወርድ የታሰበ መስመር በመሆኑ በወረቀት ላይ ለማስመር ቀላል ነው፤ በመሬት ላይ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ግን አድካሚ ቅየሳ ይጠይቃል። ተዋዋዮቹ ይህን ቅየሳ ሳያካሂዱ ነበር የፈረሙት። ለመሆኑ ማርጌሪታ በስንተኛው ኬንትሮስ ላይ ይገኛል?

ካርታ ሠሪው፦ በ29 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ላይ፤ ማለትም ከ30ኛው መስመር በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው። ሌሎቹ አምስት ተራሮችም ከመስመሩ በስተምዕራብ ናቸው።

መምህርቷ፦ እንግዲያው የ1894 ስምምነት ቃል በቃል ቢጸና ኖሮ ስድስቱም ተራሮች የኮንጎ ይሆኑ ነበር፤ ሩዌንዞሪም የሁለት አገሮች ሰንሰለት ተብሎ ባልተጠራ ነበር። እንግሊዝና ቤልጅግ ጉዳዩን እንደገና ተደራድረው በ1910 ብራስልስ ላይ ሲስማሙ፣ ወሰኑ ቀጥ ያለውን ኬንትሮስ ትቶ ወንዞችንና ከፍታዎችን እንዲከተል፣ በማርጌሪታ ጫፍም እንዲያልፍ ተደረገ፤ የ1915 ስምምነትም ዝርዝሩን ደነገገ። በድርድሩ የኡጋንዳም ሆነ የኮንጎ ነዋሪዎች ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ "ሁለት አገሮች ይጋሩታል" የሚለው ዐረፍተ ነገር የተፈጥሮ ሐቅ ሳይሆን የድርድር ውጤት መሆኑ በአንድ ሐረግ እንኳ ቢገለጽ አንቀጹ ይሟላል።

ካርታ ሠሪው፦ ይህ ተቀባይነት አለው። ይሁንና ተራራ ወሰን ሲሆን አንድ ጥቅም አለው፤ ከፍተኛ ሸንተረር ውኃን ወደ ሁለት ስለሚከፍል፣ እያንዳንዱ አገር ወደ ራሱ የሚወርደውን ይዞ ይኖራል። የውኃ መለያ መስመር የሚባለውም ይኸው ነው።

መምህርቷ፦ በሩዌንዞሪ ግን ይህ ደንብ አይሠራም፤ የክርክሩ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው። ከስታንሊ ምሥራቃዊ ገጽ የሚወርደው የቡጁኩ ጅረት ከሙቡኩ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ በኡጋንዳ ሜዳ ወደ ጆርጅ ሐይቅ ይገባል። የጆርጅ ሐይቅ ውኃ ደግሞ በካዚንጋ ቦይ አልፎ ወደ ኤድዋርድ ሐይቅ ይፈሳል። የኤድዋርድ ብቸኛ መውጫ ማን ነው?

ካርታ ሠሪው፦ ሰምሊኪ ነው፤ እርሱም በኮንጎ በኩል በሰንሰለቱ ምዕራባዊ ግርጌ ወደ ሰሜን ይወርዳል።

መምህርቷ፦ ከምዕራባዊው ገጽ የሚወርደው የቡታዉ ወንዝስ ወዴት ይሄዳል?

ካርታ ሠሪው፦ በቀጥታ ወደ ሰምሊኪ።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ከጫፎቹ በምሥራቅ የወረደው ውኃ ተራራውን በደቡብ ዞሮ፣ በምዕራብ ከወረደው ጋር በአንድ ወንዝ ይገናኛል። ሰምሊኪ ሁለቱንም ተሸክሞ ወደ አልበርት ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያም ነጭ ዓባይ ሆኖ ይቀጥልና ካርቱም ላይ ከኢትዮጵያ ከሚመጣው ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ወሰኑ ዝናቡን በጫፉ ላይ ይከፍለዋል፤ ምድሪቱ ግን ከግርጌው መልሳ ታገናኘዋለች። ይህን ያላወቀ አንባቢ፣ የሠንጠረዡ ግማሽ የአንዱ አገር፣ ግማሹ የሌላው እንደሆነ አድርጎ ያነበዋል።

ካርታ ሠሪው፦ ሰምሊኪ በታችኛው መንገዱ ራሱ ወሰን ስለሚሆን ጉዳዩ ከዚህም ይሰፋል። ሜዳ ላይ የሚጠማዘዝ ወንዝ በጎርፍ ጊዜ አንዱን ዳርቻ እየሸረሸረ በሌላው ደለል ስለሚጥል መስመሩ ባለበት አይቆይም። በዚያ በኩል ያለ ካርታ ሠሪ ሥራው ማለቂያ የለውም።

መምህርቷ፦ የዓባይ ነገር ከተነሣ፣ በ2ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ ይሠራ የነበረው ጂኦግራፈር በጥሊሞስ የጠቀሳቸውን "የጨረቃ ተራሮች" ማለፍ አይቻልም። እርሱ እንደጻፈው የእነዚህ ተራሮች በረዶ የዓባይን ምንጭ ሐይቆች ይመግባል። ብዙዎች ይህን ከሩዌንዞሪ ጋር ያዛምዱታል፤ ሌሎች ደግሞ በወሬ የተደረሰበት እንጂ የተወሰነ ስፍራን የሚያመለክት አይደለም ብለው ይከራከራሉ። እርግጡ ነገር አውሮፓውያን በረዶውን በዐይናቸው ዐይተው መመዝገባቸው በ1888 መሆኑ ነው፤ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ኤሚን ፓሻን ፍለጋ በሄደበት ጉዞ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከሩቅ ያየው ነጭ ነገር ደመና ሳይሆን በረዶ መሆኑን ጻፈ። ከእርሱ በፊት በአካባቢው ያለፉት የጫፎቹን መኖር ያላወቁት ደመና ሸፍኗቸው ስለነበር ነው።

ካርታ ሠሪው፦ ወደ ጫፉ ለመድረስ ግን ገና 18 ዓመት ቀርቶ ነበር። በ1889 የስታንሊ ባልደረባ ስቴርስ 3,250 ሜትር ገደማ ደርሶ ተመለሰ፤ በ1891 ጀርመናዊው ሽቱልማን ከ4,000 ሜትር ጥቂት አለፈ። ማርጌሪታ ላይ የተወጣው ሰኔ 18 ቀን 1906 ሲሆን፣ የወጡትም የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ አሜዴዎና ከአልፕስ ይዟቸው የመጣ መንገድ መሪዎች ነበሩ። ጉዞውን በፎቶግራፍ ያስቀረው ቪቶሪዮ ሴላ ነው። ለብዙዎቹ ጫፎች ስም ያወጣላቸውም ይኸው መስፍን ነው፤ ማርጌሪታ የጣልያን፣ አሌክሳንድራ ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥቶች ስሞች ናቸው።

መምህርቷ፦ ከስሞቹ መካከል የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ የሚያውቃቸው ጥቂቶች አይደሉም። ስታንሊ በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ላይ ሲዘምቱ የአሜሪካ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ አብሮ ተጉዟል። ሳሙኤል ቤከር ወደ አልበርት ሐይቅ ከመሄዱ በፊት በ1861 እና በ1862 በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አካባቢ ተዘዋውሯል። በጌሲ ተራራ ላይ ካሉት ጫፎች አንዱ በቪቶሪዮ ቦቴጎ ስም ይጠራል፤ እርሱም የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ ካረጋገጠ በኋላ በ1897 በወለጋ የተገደለው ጣልያናዊ መኮንን ነው። ሉዊጂ አሜዴዎም ከሩዌንዞሪ ሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1928 እና በ1929 የዋቢ ሸበሌን መነሻ ለማጥናት ኢትዮጵያ ገብቷል። ስለዚህ የሩዌንዞሪ ሠንጠረዥ የተራራ መዝገብ ብቻ ሳይሆን፣ አውሮፓ በዓባይና በቀይ ባሕር መካከል ያሰማራቸው ሰዎች መዝገብም ነው።

ካርታ ሠሪው፦ ስሞቹ የተሰጡበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ዛሬ ተራራ ወጪውም ሆነ የነፍስ አድን ሠራተኛው የሚግባባው በእነርሱ ነው። ኮንጎ ዛይር ትባል በነበረበት ዘመን ስታንሊ ንጋሊዬማ፣ አልበርት ሐይቅ ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ፣ ኤድዋርድ ሐይቅ ደግሞ ኢዲ አሚን ተብለው ነበር፤ የሐይቆቹ ስሞች ከሰዎቹ ሥልጣን ጋር አብረው ወረዱ። ካርታ በየመንግሥቱ ለውጥ ስም የሚቀያይር ከሆነ ለማን ይጠቅማል?

መምህርቷ፦ በአንድ ገዢ ስም ፋንታ የሌላውን ገዢ ስም ማስገባት መፍትሔ እንዳልሆነ ምሳሌዎ ያሳያል፤ ከተራራው ግርጌ የሚኖሩት ሰዎች ስለ ተራራው የሚሉትን መተውን ግን ትክክል አያደርገውም። በኡጋንዳ በኩል የሚኖሩት ባኮንዞና በኮንጎ በኩል የሚኖሩት ባናንዴ አንድ ሥር ያላቸው፣ በቋንቋም የሚግባቡ ሕዝብ ናቸው። ባኮንዞ በጫፎቹ ላይ ኪታሳምባ የተባለ ኃያል መንፈስ ይኖራል ብለው ያምናሉ። ባኮንዞ በቶሮ መንግሥት ሥር መተዳደርን ተቃውመው በ1962 ሩዌንዙሩሩ የተባለ የራሳቸውን መንግሥት ያወጁ ሲሆን፣ የኡጋንዳ መንግሥት ባህላዊ ንግሥናውን ያወቀለት በ2009 ነው። የመስፍኑን ጓዝ ወደ ተራራው ሆድ ተሸክመው ያደረሱትም ከባኮንዞ የተመለመሉ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ከስድስቱ ተራሮች በአንዱም ላይ ግን ስማቸው አልተጻፈም።

ካርታ ሠሪው፦ ስለ ሕዝቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር። ይሁን እንጂ ሩዌንዞሪን ከሌሎች የሚለየው በረዶው ስለሆነ፣ ስለ እርሱ የሚጻፈው ሊረዝም ይገባል። የበረዶ ግግር የሚባለው ዓመት ከዓመት የወረደው በረዶ ተጠቅጥቆ ወደ ጠጣርነት የተለወጠና በራሱ ክብደት ወደ ቁልቁል የሚንሸራተት ክምር ነው። በ1906 ስድስቱም ተራሮች የበረዶ ግግር ነበራቸው፤ ስም የወጣላቸው 43 ሲሆኑ፣ ጠቅላላ ስፋታቸው እንደየጥናቱ ከ6.5 እስከ 7.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። በ1987 ወደ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ወረደ፤ በ2003 ደግሞ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆነ። በዚያን ጊዜ ኤሚን፣ ጌሲና ሉዊጂ ዲ ሳቮያ በረዶአቸውን ፈጽመው አጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የቀሩት ሦስቱ መሳሳታቸውን ቀጥለዋል። ቀድሞ በረዶው ደልድሎት የነበረው መንገድ ስለተናደ፣ ወደ ማርጌሪታ የሚወጡ ሰዎች በገደሉ ላይ መሰላል መጠቀም ግድ ሆኖባቸዋል።

መምህርቷ፦ ይህ ማለት በረዶው ሲያልቅ ወንዞቹም ይደርቃሉ ማለት ነው? በብዙ ጽሑፎች እንዲህ ተብሎ ይነበባል።

ካርታ ሠሪው፦ አይደለም፤ ይህ አንቀጹ ሊያርመው የሚገባ የተስፋፋ ስሕተት ነው። ከግርጌው በሚለካው የሙቡኩ ወንዝ ፍሰት ውስጥ የቀለጠ በረዶ ድርሻ በዝናቡም ሆነ በበጋው ወቅት ከ2 በመቶ በታች ነው። ወንዞቹን የሚመግበው ዝናብ ሲሆን፣ እርሱም በሰንሰለቱ ላይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው ደግሞ በጫፎቹና በደኑ መካከል ያለው ረግረግ ነው። በቢጎ ረግረግ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቁሩ ጭቃ እንዳይውጠው ከአንዱ የሣር ጉቶ ወደ ሌላው እየተረማመደ ነው የሚሻገረው፤ በኋላም መንገዱ በከፊል በእንጨት ተረብርቧል። ለውኃው ማጠራቀሚያ የሚሆነው ይህ የማይመች ስፍራ እንጂ ከላዩ የሚያብረቀርቀው በረዶ አይደለም።

መምህርቷ፦ የበረዶው መጥፋት እንግዲህ ምንን ያመለክታል?

ካርታ ሠሪው፦ የአየር ጠባዩ መለወጡን ያመለክታል። በረዶው ራሱ ለወንዙ ትንሽ ቢሆንም፣ የሚያጠፋው ሙቀትና የእርጥበት መዛባት ግን ከበታቹ ባለው ዕፅዋትና ረግረግ ላይም ይሠራል። በ2012 መጀመሪያ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው በሚባለው ክፍል ሰደድ እሳት ተነሥቶ ሰፊ ቁጥቋጦ አቃጥሏል። በቀጣዩ ዓመት በግንቦት የኛምዋምባ ወንዝ ሞልቶ የካሴሴን ከተማና ከበላዩ ያለውን ኪሌምቤን አጥለቀለቀ፤ የዕፅዋቱን መቃጠል ባለሙያዎች ከጎርፉ ምክንያቶች እንደ አንዱ ያነሡታል። በ2020ም ጎርፉ ተደገመ። ከ1956 እስከ 1982 መዳብ ይመረትበት ከነበረው የኪሌምቤ ማዕድን የተረፈው ዝቃጭ በወንዙ ዳር የተከመረ በመሆኑ፣ ጎርፉ እየሸረሸረ ወደ ሜዳው ይወስደዋል።

መምህርቷ፦ ዕፅዋቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የማይሆኑ ይመስላል።

ካርታ ሠሪው፦ በከፊል እንግዳ አይደሉም። ከግርጌው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ቀርከሃ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ አስታ የሚባለው ዕፅ ወገኖች ይከተላሉ፤ በሩዌንዞሪ ግን ከአሥር ሜትር በላይ ያድጋሉ፤ ቅርንጫፎቻቸውም በዛፍ ሽበት የተሸፈኑ ናቸው። ከዚያ በላይ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከሚታወቀው ጅብራ ጋር አንድ ወገን የሆኑ ግዙፍ ተክሎች ሽቅብ ይቆማሉ። ከእነርሱ ጋር የሚበቅለው ግንዳሙ ሴኔሲዮ ግን በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የለም። እነዚህ ሁሉ በወሰኑ ግራና ቀኝ በእኩል ከፍታ በእኩል ይገኛሉ።

መምህርቷ፦ ጥበቃውስ በእኩል ነው?

ካርታ ሠሪው፦ አይደለም፤ ሁለት ፓርኮችና ሁለት ታሪኮች አሉ። የኮንጎው በኩል በ1925 የተቋቋመው፣ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው፤ እርሱም በግጭት ምክንያት ከ1994 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የኡጋንዳው የሩዌንዞሪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1991 ተከልሎ በ1994 ተመዘገበ፤ በአካባቢው በነበረው የታጣቂዎች እንቅስቃሴ ምክንያት ከ1999 እስከ 2004 እርሱም በአደጋ ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። አንድ የሆነ ተራራ በሁለት መዝገብ፣ በሁለት ስም፣ በሁለት የአደጋ ደረጃ ተጽፏል።

መምህርቷ፦ እርስዎ ራስዎ አሁን የተናገሩት ለአንቀጹ ከሠንጠረዡ ይልቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ካርታ ሠሪው፦ ሠንጠረዡ ግን አይነሣም፤ አንባቢ ማውጫ የሚገልጠው በመጀመሪያ ቁጥሩን ለማግኘት ነው። ሊደረግ የሚችለው ማሻሻያ እንዲህ ነው፦ ከስሙና ከከፍታው ቀጥሎ ጫፉ በየትኛው አገር እንደሚገኝ፣ ውኃው ወደየትኛው ወንዝ እንደሚወርድ፣ በረዶው በየትኛው ዓመት ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳዩ ዐምዶች ይጨመራሉ። የአካባቢው ሰዎች ስሞች ግን ከተጓዦች መጻሕፍት ተለቃቅመው ሳይሆን፣ የቋንቋው ባለቤቶች በሁለቱም ወገን ተጠይቀው ይገባሉ፤ እስከዚያ ድረስ በግምት የተሞላ ዐምድ ባዶ ከሆነው የከፋ ነው።

መምህርቷ፦ በዚህ መስማማት ይቻላል፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ይታከልበት። ዐምዶቹ የሚያረጁት እኩል አይደለም። የማርጌሪታ ጫፍ ዐለት ስለሆነ ከፍታው ለብዙ ዘመን ያገለግላል፤ የበረዶው ቁጥር በየዐሥርት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ወሰኑ ደግሞ በሸንተረሩ ላይ ቢጸናም በሰምሊኪ ላይ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የተለካበት ዓመት ይጻፍ። ከሠንጠረዡ በታች ያለው አንቀጽም ወሰኑ የሚለየውንና የማይለየውን ለይቶ ያስቀምጥ፦ የሚለየው አስተዳደርን፣ ፓርክንና መዝገብን ነው፤ የማይለየው ደግሞ ዐለቱን፣ ዕፅዋቱን፣ በሁለቱም ወገን የሚኖረውን ሕዝብና በሰምሊኪ የሚሰበሰበውን ውኃ ነው።

ካርታ ሠሪው፦ እንግዲያው ርእሱም "የኡጋንዳ ከፍተኛ ጫፎች" ወይም "የኮንጎ ከፍተኛ ጫፎች" ተብሎ በሁለት ቦታ መበተኑ ይቅርና፣ ሩዌንዞሪ በራሱ ስም በአንድ ቦታ ይግባ፤ ከሁለቱ አገሮች አንቀጾችም ወደዚያው የሚመራ ምልክት ይደረግ። ይህ ከተደረገ የከፍታውም ቁጥር ትክክለኛ ባለቤቱን ያገኛል፤ የሚለካው ተራራው ነውና።